ቅዳሜ ልጆቹን የት ልውሰዳቸው? ሲያትል፣ ያለ መኪና

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ሲያትል፣ ሬኒየር ቢች ከገባን ስምንት ወራችን ነው። የ9 እና የ5 ዓመት ልጆች አሉኝ። እናቴ ከሦስት ሳምንት በፊት ከአዲስ አበባ መጥተዋል፤ እስከ ኅዳር አብረውን ይቆያሉ። 68 ዓመታቸው ነው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ያለችንን አንድ መኪና ባለቤቴ ለሥራ ይዟት ይወጣል። ቅዳሜ ልጆቹ ስልክ ላይ ተጥደው ይውላሉ፣ እናቴ በመስኮት ያያሉ። ሰው ሁሉ የዚህ አገር ተፈጥሮ ግሩም ነው ይለኛል። እኔ ግን ዝናቡ አማሮኛል፣ ጫካው ውስጥ አውሬ ያለ ይመስለኛል፣ ባሕሩም የት እንደሆነ በቅጡ አላውቅም። የት ልውሰዳቸው? ብዙ ገንዘብስ ይፈጃል?»

እህቴ፣

ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። አይፈጅም። አብዛኞቹ የከተማዋ መናፈሻዎች የመግቢያ ክፍያ የላቸውም። ልጆችሽ አውቶቡስና ባቡር በነፃ ይሳፈራሉ። ከ2022 ጀምሮ (ዓመቶቹንም ወሮቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ) ዕድሜው 18 እና ከዚያ በታች ለሆነ ሁሉ ነፃ ነው። እናትሽም 65 ስላለፋቸው የቅናሽ ካርድ ካወጡ በ1 ዶላር ይሄዳሉ። ስለዚህ ሙሉ ሒሳብ የምትከፍይው አንቺ ብቻ ነሽ።

እኔ ሥራዬ የከተማ ጫካ መንከባከብ ነው። ሳምንቱን ወራሪ አረም ስነቅልና ችግኝ ስተክል እውላለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ቤተሰቦችን ይዤ እወጣለሁ። አንቺ የጻፍሽውን ጥያቄ በየዓመቱ እሰማዋለሁ። በየዓመቱም የሚገርመኝ አንድ ነገር አለ። የአገራችን ሰዎች እዚህ መጥተው የሚፈሩት ነገር እምብዛም አይጎዳቸውም። የሚጎዳቸውን ደግሞ አይፈሩትም። ወደዚያ እመለሳለሁ።

በመጀመሪያ ዝናቡ። ሲያትል በዓመት የምታገኘው ዝናብ 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከዚህ ይበልጣል! እውነቴን ነው። ልዩነቱ አጣጣሉ ላይ ነው። አዲስ አበባ በሐምሌ ዶፍ ታወርድና፣ መንገዱን ጎርፍ አድርጋው፣ ከዚያ ፀሐይ ታወጣለች። እዚህ ካፊያ ነው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያካፋል፣ ያካፋል፤ ሰማዩ እንደ ድስት ክዳን ይጫንሻል። በዚያ ላይ ብርሃኑ ያጥራል። በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ከ20 ገደማ ነው። ስምንት ወር ከሆነሽ ያየሽው ያንን ክፉውን ክፍል ነው። አሁን ደግሞ ተቃራኒው እየመጣልሽ ነው። አገር ቤት ክረምት ሲገባ እዚህ በጋ ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጠብታ ሳይወርድ ሳምንታት ያልፋሉ። በሰኔ አጋማሽ ከምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ። እናትሽ በደኅናው ጊዜ ነው የመጡት።

ለካፊያው ጃንጥላ አትግዢ። ኮፍያ ያለው ውኃ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል፤ ያገለገለ ልብስ የሚሸጡ ሱቆች ውስጥ በርካሽ ይገኛል። ጂንስ ግን ለልጆቹ አታልብሺ። አንዴ ከራሰ ቀኑን ሙሉ አይደርቅም፣ እግራቸው ላይ ይቀዘቅዛል። ለጫማ፣ ቤት ውስጥ ያላቸው ስኒከር ይበቃል።

አሁን ወደ ቦታው። ሰው ሲመክርሽ ቀጥታ ወደ ተራራ ነው የሚልክሽ። እኔ ግን ከደጅሽ ጀምሪ እላለሁ። የምትኖሪው ከከተማዋ ምርጥ መናፈሻዎች አጠገብ ነው፤ ማንም አልነገረሽም እንጂ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ኩቦታ ጋርደን ይሁን። ሬኒየር ቢች ውስጥ ነው ያለው። 106 ቁጥር አውቶቡስ በሬንተን አቬኑ በኩል አጠገቡ ታወርድሻለች። ቦታውን የሠራው ፉጂታሮ ኩቦታ የሚባል ከጃፓን የመጣ ስደተኛ ነው። በ1927 ዛፉ ተጨፍጭፎ ያለቀ፣ ረግረጋማ፣ ማንም የማይፈልገው ሁለት ሄክታር መሬት ገዛ። ቀስ በቀስ ኩሬ ቆፈረ፣ ድንጋይ ደረደረ፣ ጥድ ተከለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት በምዕራብ ዳርቻ የሚኖረውን የጃፓን ዘር ያለውን ሁሉ ሲያግዝ እሱም ከነቤተሰቡ አይዳሆ በረሃ ውስጥ ወዳለ ካምፕ ተወሰደ። አራት ዓመት አትክልቱን አረም በላው። ሲመለስ እንደገና ጀመረ። ከተማዋ በ1987 ገዛችው፤ ዛሬ ስምንት ሄክታር ገደማ ሆኗል። ለእናትሽ ይህን ታሪክ ንገሪያቸው። ስደተኛ የሠራው ቦታ ላይ መቀመጥ ለስደተኛ ደስ ይላል። አግዳሚ ወንበር በየቦታው አለ፤ ለጉልበታቸው ከታችኛው ኩሬ ወዲያ ያለውን ዳገት ይተዉት። ልጆቹ ቀዩን ድልድይ ካገኙ አንድ ሰዓት አታያቸውም።

ሰፈርሽ ውስጥ ሌላም አለ። በዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ያለው ቢር ሼቫ ፓርክ ስሙን ያገኘው ከእስራኤሏ ከተማ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ እናት «ቤርሳቤህ» ብለሽ ስትነግሪያቸው ዓይናቸው ይበራል። ያቺ ከተማ ራሷ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ እስራኤላውያን የሚኖሩባት ናት። ፕሪቻርድ አይላንድ ቢች ደግሞ ለዋና ነው፤ እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

ሁለተኛው ቅዳሜ ሱዋርድ ፓርክ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሥራዬን የሠራሁት እዚያ ነው፣ ስለዚህ አድልዎ አለብኝ።

ከኦቴሎ ባቡር ጣቢያ 50 ቁጥር አውቶቡስ ያዢ። ሱዋርድ ፓርክ ሐይቅ ውስጥ የገባ የመሬት ምላስ ነው። ስፋቱ 120 ሄክታር ገደማ ነው። ከተማዋ በ1911 ነው የገዛችው። ቀደም ብሎ በ1903 ጆን ቻርለስ ኦልምስቴድ የሚባል የመናፈሻ ንድፍ ሊቅ መጥቶ፣ ለሲያትል የመናፈሻዎች ካርታ ሠርቶ ነበር። ሐይቁን ዞሮ የሚሄደው ባለ ዛፍ መንገድ፣ ግሪን ሌክ፣ ሱዋርድ፣ ሁሉም ከዚያ ዕቅድ ጋር የተያያዙ ናቸው። ሰውዬው የፈለገው ቀላል ነው፦ እያንዳንዱ ቤተሰብ በእግሩ የሚደርስበት አረንጓዴ ቦታ ይኑረው። ያኔ ከተማዋ ገና እንጨት የምትቆርጥ ከተማ ነበረች። በጊዜ ባይታሰብ ኖሮ ዛሬ የሐይቁ ዳር በሙሉ የግለሰብ ግቢ ይሆን ነበር።

ምላሱን የሚዞረው መንገድ አስፋልት ነው፣ ሜዳ ነው፣ መኪና አይገባበትም። ርዝመቱ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለእናትሽ ሙሉው ይበዛባቸዋል። የቻሉትን ያህል ሄደው ይመለሱ። ልጆቹ ብስክሌት ካላቸው የመማሪያ ቦታው ይኸው ነው። በበጋ በአንዳንድ ቅዳሜና እሑዶች ደግሞ ከሱዋርድ ወደ ሰሜን የሚሄደው የሐይቅ ዳር ጎዳና ለመኪና ይዘጋል። ከ1968 ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው። ቀኖቹን የከተማዋ የመናፈሻ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ታገኛለሽ።

ግን አስፋልቱ ላይ ብቻ አትቅሩ። መሀል ላይ ያለው ጫካ 50 ሄክታር ያህል ነው፤ መጥረቢያ በወጉ ያልነካው ነባር ጫካ ነው። በከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ጫካ እምብዛም አይገኝም። ስገባ ሁልጊዜ ትዝ የሚለኝ የደብር ደን ነው። ጎጃም ወይም ጎንደር ገጠር ውስጥ ሜዳው ሁሉ ታርሶ፣ ቤተ ክርስቲያኑን የከበበው ዛፍ ብቻ ቆሞ ታያለሽ አይደል? ይህም እንደዚያ ነው። ዙሪያው ቤትና መንገድ ሆኖ እሱ ቀረ። እናትሽ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ ሲያደርጉ ታያለሽ። ማንም ሳይነግራቸው።

ዛፎቹን ልጆቹ ይወቋቸው። ቅርፊቱ ወፍራምና የተሰነጠቀው ዳግላስ ፈር ነው። ቅርፊቱ እንደ ገመድ እየተላጠ ወደ ታች የሚወርደው «ሬድ ሲዳር» ይባላል። እኛ መጽሐፉን ይዘን ሲዳርን ዝግባ እንለዋለን። የአገራችን ዝግባ ግን ሌላ ዛፍ ነው፣ የሊባኖሱም ሌላ፣ ይህም ሌላ። ሦስት በቅርብ የማይዛመዱ ዛፎች በአንድ ስም ይጠራሉ። መሬት ላይ ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የረዘመ ፈርን ታያላችሁ። ባዶ የሆነ ቡናማ መሬት ካጋጠማችሁ ደግሞ ፈርኑ የሞተበት ቦታ ነው። ከ2013 ጀምሮ በዚህ መናፈሻ ውስጥ ፈርኑ በገፍ እየሞተ ነው። እኛ ሠራተኞች በየዓመቱ እየሄድን እንተክላለን፣ እሱም እየሞተ ያስቸግረናል።

አሁን ባሕሩ የት ነው ላልሽው። ከቤትሽ የሚታየው ሐይቅ ነው፤ ውኃው ጨው የለውም። ባሕሩ በከተማዋ በስተምዕራብ በኩል ነው። ፒዩጅት ሳውንድ ይባላል፣ የውቅያኖስ ክንድ ነው። ደስ የሚለው ነገር ያችው 50 ቁጥር አውቶቡስ መሆኗ ነው። አንዱ ጫፏ ኦቴሎ፣ ሌላው ጫፏ አልካይ ቢች ነው። በአንድ አውቶቡስ ከሐይቅ ወደ ባሕር! ጉዞው ይረዝማል፣ ለልጆቹ መክሰስ ያዢ። መሥመርና ሰዓት ስለሚቀያየር በወጣሽበት ቀን ስልክሽ ላይ አረጋግጪ። ሌላው መንገድ ባቡር ይዞ መሀል ከተማ መውረድ፣ ከዚያ ፒየር 50 ከሚባለው የጀልባ ማቆሚያ በትንሿ ጀልባ ወደ ዌስት ሲያትል፣ አልካይ ወዳለበት ወገን፣ መሻገር ነው። 15 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ለልጆች እሷው ራሷ ሽርሽር ናት።

ባሕሩ ጋ ለመሄድ ግን ሰዓት መምረጥ አለብሽ። ደጋ ያደግን ሰዎች ይህን አናውቀውም። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። እዚህ በቀኑ ትልቁ ሙላትና ትልቁ ጉድለት መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ ከሦስት ሜትር ይበልጣል። አንድ ፎቅ ማለት ነው። በአዲስ ጨረቃና በሙሉ ጨረቃ ሰሞን ደግሞ ይበረታል። ከሁሉ የሚሻለው ነገር፣ በበጋ ትልቁ ጉድለት የሚሆነው በቀን ነው። በክረምት በሌሊት ነው፣ ማንም አያየውም። ስለዚህ ሰኔና ሐምሌ ወርቅ ናቸው። የሲያትል የባሕር መጉደል ሠንጠረዥ ስልክሽ ላይ ፈልጊ፤ ቁጥሩ ከዜሮ በታች የሆነበትን ቀን ምረጪ፤ ውኃው በጣም ከሚጎድልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ቀድመሽ ድረሺ።

ያኔ ከአልካይ ዞር ብሎ ያለው ድንጋያማ ዳርቻ ይገለጣል። ወይን ጠጅና ብርቱካንማ የባሕር ኮከብ፣ ድንጋይ ሥር የሚሸሸግ ሸርጣን፣ ሲነኩት የሚሰበሰብ አበባ የሚመስል እንስሳ። ከአሸዋ የተሠራ፣ የሸሚዝ ኮሌታ የመሰለ ነገር ካያችሁ ቆሻሻ መስሏችሁ አትጣሉት። የትልቅ ቀንድ አውጣ እንቁላል ነው። ድንጋይ ካነሳችሁ ቀስ ብላችሁ እንደነበረ መልሱት። የዛጎል እንስሳ ለቅሞ መብላት ግን አይቻልም፤ የከተማዋ ዳርቻዎች ላይ ብክለት አለ። አንዳንዴም ቢቀቀል እንኳ የማይጠፋ መርዝ ይይዛል። እናትሽ መቼም አይሞክሩትም፤ ልጆቹ ግን ከትምህርት ቤት ጓደኛ ሊሰሙ ይችላሉ።

የራሴን ጉድ ልንገርሽ። መጀመሪያ የመጣሁ ዓመት ስድስት ወጣቶችን ይዤ ከገደል ሥር ባለ አንድ ዳርቻ ረጅም መንገድ ሄድኩ። ሠንጠረዥ አላየሁም። ስንመለስ የሄድንበት አሸዋ የለም። ውኃው ገደሉን ነክቶታል። እስከ ወገባችን ውኃ ውስጥ ገብተን፣ ገደሉን ይዘን ወጣን። ውኃው ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ይኸው መጠንቀቅ ያለብሽ ነገር ላይ ደረስን።

የፒዩጅት ሳውንድ ውኃ በጋ ከክረምት ከ8 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ዋና የሚችል ሰው እንኳ ድንገት ሲገባበት ትንፋሹ ይቆረጣል። ሳያስበው አየር ይስባል፤ አፉ ውኃ ውስጥ ከሆነ ውኃ ይስባል። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ናት አደገኛዋ። ከዚያ አሥር ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እጅና እግር አልታዘዝም ማለት ይጀምራሉ። ስለዚህ አልካይ ላይ ልጆቹ እስከ ቁርጭምጭሚት ይግቡ፣ ይበቃል።

ሐይቁ ይሻላል፤ ግን ያታልላል። በነሐሴ ላዩ ይሞቃል፣ ከሥሩ ቀዝቃዛ ነው። ዳሩ በአንዳንድ ቦታ በድንገት ይጠልቃል። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ወንዝ ነው። በግንቦትና በሰኔ አየሩ ሲሞቅ ሰው ወደ ወንዝ ይሮጣል። ያ ወንዝ ግን ትናንት በረዶ የነበረ ውኃ ነው፣ ይገለብጣል። መኪና ያለው ዘመድ «ኑ እግራችንን እንንከር» ቢልሽ፣ ልጆቹን እጃቸውን ሳትለቂ ነው።

ስለዚህ ዋናው ነፍስ አድን ሠራተኛ ባለበት ቦታ ብቻ ይሁን። ፕሪቻርድ አይላንድ፣ ሱዋርድና ማውንት ቤከር ዳርቻዎች ላይ ይመደባሉ፤ ጊዜው ከሰኔ ማብቂያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ ነው። ወንበሩ ላይ ሰው ከሌለ አትግቡ። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅና የ12 ዓመት ልጅ ራሱ በትንሽ ጀልባ ሲሄድ ላይፍ ጃኬት መልበስ እዚህ ግዛት ሕግ ነው። እኔ ዳር ላይ ለሚጫወት ለአምስት ዓመቱ ልጅም አልብሺው እላለሁ። ሬኒየር ቢች የከተማዋ መዋኛ አለ። የዋና ትምህርት ይሰጣል፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ቤተሰቦችም ድጎማ አለ፤ ማመልከቻውን ጠይቂ። ከዚህ ደብዳቤ አንዲት ነገር ብቻ የምትፈጽሚ ከሆነ እሷን ፈጽሚ። ለራስሽም ተመዝገቢ። አዋቂ ጀማሪዎች ብዙ ናቸው፣ ማንም አይስቅብሽም።

አውሬው ቀላል ነው። ከተማ ውስጥ ባሉት መናፈሻዎች የምታገኙት ኮዮቲ ነው። ቀበሮ የሚያህል፣ ሰው ሲያይ የሚሸሽ። ድብና ተራራ አንበሳ አብዛኛውን ጊዜ ከከተማ ውጭ ናቸው። ካስኬድ ከሚባለው የተራራ ሰንሰለት ወዲህ ባለው በምዕራቡ ክፍል መርዛማ እባብ የለም። ይህን ለእናትሽ ሦስት ጊዜ ድገሚላቸው፤ አንዴ አያምኑሽም። ውሻም በገመድ መታሰር አለበት፤ «እባክዎ ውሻዎን ይያዙ» ማለት መብትሽ ነው። ጫካ ውስጥ እኔ በእውነት የምፈራው ነፋስ ነው። መኸር ላይ ማዕበል ሲመጣ ትልልቅ ዛፍ ይወድቃል፣ ቅርንጫፍ ይበጠሳል። ኃይለኛ ነፋስ የተነገረ ቀን ቤት ዋሉ። በነሐሴና በመስከረም ደግሞ አንዳንድ ዓመት የሰደድ እሳት ጭስ ከተማዋን ይሸፍናል። ያን ቀንም ቤት።

ሳማ ግን አለ! ያው የአገራችን ዓይነት የሚለበልብ። እናትሽ ከሩቅ ይለዩታል፣ ለልጆቹ አስተማሪ ይሁኑ። እንጆሪም አለ፣ እዚህ ብላክቤሪ የሚሉት። በነሐሴ በየመንገዱ ዳር ጥቁር ሆኖ ይበስላል። እሾሁ ክፉ ነው፣ እኛ ሠራተኞች ስንነቅለው የምንውለው ወራሪ አረም ነው፤ ፍሬው ግን ይጣፍጣል። አረም መድኃኒት ተረጭቷል የሚል ምልክት ከሌለ ብሉ። ከእንጆሪ በቀር እናትሽ ምንም ቅጠል እንዳይለቅሙ። ድንብላል ወይም ካሮት ቅጠል የሚመስል፣ ግንዱ ላይ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያለበት ተክል እዚህ ይበቅላል፤ ይገድላል። እንጉዳይም እንዲሁ።

ቡናውን አልጠየቅሽኝም፤ ግን እናትሽ ይጠይቁሻል። ይቻላል። ሱዋርድ ላይ የሽርሽር ጠረጴዛና የመጥበሻ ምድጃ ያላቸው ቦታዎች አሉ። ከሰሉን እዚያ ውስጥ ብቻ አቀጣጥሉ። ደረቁ ሲበረታ እሳት የሚከለከልባቸው ቀናት ስላሉ አስቀድመሽ እይ። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ይዘሽ ብትሄጂ ጣጣ የለውም። ቡናው ሲቆላ ፈረንጆች ይመጣሉ፣ «ምንድን ነው የሚሸተው?» ይላሉ፤ ስኒ አብዝተሽ ያዢ። አንድ ልመና አለኝ። የተረፈውን ፍም ዛፍ ሥር አትድፉ። ሥሩ ከመሬት በታች ለቀናት እየጤሰ ይከርማል፤ ዛፉ የሚሞተው እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ ነው። ለፍም የተዘጋጀ በርሜል አለ፤ ከሌለ በደንብ ውኃ አፍስሳችሁበት ይዛችሁት ተመለሱ።

ጉልበታቸው ለባሰባቸው ቀን የሚሆን ቦታም አለ። ባላርድ በሚባለው ሰፈር ያለው የመርከብ መተላለፊያ። በባቡር ዩ ዲስትሪክት ውረዱ፣ ከዚያ 44 ቁጥር። ሐይቁ ከባሕሩ ስድስት ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። መርከቦቹ ገንዳ ውስጥ ይገቡና በር ይዘጋል፤ ውኃው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል አብረው ይወጣሉ ወይም ይወርዳሉ። መተላለፊያው በ1917 ተመረቀ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሐይቁን ከባሕሩ ሲያገናኙት የሐይቁ ከፍታ በሦስት ሜትር ገደማ ቀነሰ፤ ፕሪቻርድ አይላንድ «ደሴት» እየተባለች ከመሬቱ ጋር የተገጠመችው በዚህ ነው። ጎኑ ላይ 21 ደረጃ ያለው የዓሣ መሰላል ተሠርቷል፤ በመስታወት በኩል ሳልመን ዓሣ ወደ ላይ ሲዘል ይታያል። ሐምሌና ነሐሴ ጥሩ ነው። ፍልሰታ ላይ ከሄዳችሁ «ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም» የሚለው ክርክር አይቀርላችሁም።

ተራራውስ? ይሁን፣ ባለቤትሽ እረፍት ያገኘ ቀን። ሬኒየር ተራራ 4,392 ሜትር ነው። የኛ ራስ ዳሸን ከዚህ ይበልጣል፤ ትልቁ ልጅሽ ይህን ለክፍል ጓደኞቹ ቢነግር አይጠላም። ብዙ ሰው እናቱን ወደዚያ ለመውሰድ «ከፍታው ያፍናቸዋል» ብሎ ይፈራል። መኪና የሚደርስበት ፓራዳይዝ የሚባለው ቦታ ግን 1,646 ሜትር ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እናትሽ ወደ ታች ነው የሚወርዱት ማለት ነው። ከሐምሌ አጋማሽ በፊት አትሂዱ፣ በረዶው መንገዱ ላይ ይቆያል። በነሐሴ መጀመሪያ ሜዳው አበባ ይሆናል። ልጅሽ በመስከረም አራተኛ ክፍል የሚገባ ከሆነ፣ አራተኛ ክፍል ላሉ ልጆች ቤተሰቡን ሁሉ ይዘው ብሔራዊ ፓርኮች በነፃ የሚገቡበት ፈቃድ አለ። የመንግሥት ነው፣ በኢንተርኔት ይወጣል። የግዛቱን ፓርኮች የሚመለከተው የመኪና ማቆሚያ ፈቃድ ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዳንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንደ መጽሐፍ ያውሱታል።

በመንገዳችሁ ሳይሆን በሌላ ቀን ስኖኳልሚ ፏፏቴን እዩ። 82 ሜትር ነው፤ ከጢስ ዓባይ እጥፍ ገደማ ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን ያንሳል። ውኃውን ለመብራት ከ1899 ጀምሮ ይጠልፉታል። ጢስ ዓባይንም እንዲሁ። በበጋ መጨረሻ ሁለቱም ቀጭን ሆነው ይታያሉ ልልሽ ነበር፤ የኛው እንኳ የሚደምቀው በዚያው ሰሞን ነው።

እናትሽ በኅዳር ከመመለሳቸው በፊት አንድ የመጨረሻ ነገር አሳዪያቸው። ካርኪክ ፓርክ፣ በሰሜን በኩል። ዳገቱ ለጉልበት አይመችም፣ ስለዚህ መኪናዋ ትምጣ። በመናፈሻው ውስጥ ፓይፐርስ ክሪክ የምትባል ትንሽ ጅረት አለች። በኅዳር ሳልመኖቹ ከባሕር ወደ እሷ ይገባሉ። ውኃው ከዓሣው ጀርባ ያንሳል። ዓሣው በሆዱ እየተሳበ፣ እየተጋጨ ይወጣል፤ እንቁላሉን ይጥላል፣ እዚያው ይሞታል። እናትሽ «ለምን ዝም ብለው ያዩታል፣ ለምን አያወጡትም?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ሬሳው እንዲቀር ነው የሚፈለገው። ወፉ ይበላዋል፣ ራኩን ይጎትተዋል፣ የቀረው መሬት ገብቶ ለዛፉ ማዳበሪያ ይሆናል። ልጆቹ ድልድዩ ላይ ተኝተው ያዩታል። ጠረኑ ግን ይከብዳል፤ እናትሽ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ፣ መሄድ ግን አይፈልጉም።